ዝግጁ መሆኑን ያረጋግጣል

ጳጉሜ 3 ቀን 2017 ዓ.ም. ጠዋት ደጀንን ጉም ውጧት ነበር። ክረምት ላይ እንዲህ ነው። ከዓባይ በረሃ ተነሥቶ ገደሉን እየቧጠጠ የሚወጣው ጉም ከተማው ላይ ከደረሰ በኋላ ለመሄድ አይቸኩልም። ቁልቁለቱን ሊጀምሩ የደረሱት ከባድ መኪኖች መብራታቸውን አብርተው ይጠብቃሉ፤ አቀበቱን የጨረሱት ደግሞ እያለከለኩ ይገባሉ። የመጀመሪያውን ቡና ሳልጨርስ ስልኬ ጮኸ። የወፍጮ ቤቷ ባለቤት ነበሩ።

«ያ ያንተ ዕቃ ፈነዳ እኮ!»

«ሰው ተጎዳ እንዴ እትዬ?»

«እግዜር ይመስገን፣ ሰው አልተነካም። ወፍጮው ግን ቀጥ ብሏል። ሰዉ ደግሞ ለበዓል ሊያስፈጭ እስከ አስፋልቱ ተሰልፏል። ቶሎ ና። አጎትህንም ይዘህ ና።»

የፍንዳታው ዜና ካስደነገጠኝ በላይ ያቺ የመጨረሻዋ «አጎትህንም ይዘህ ና» ወጋችኝ።

ወፍጮ ቤቱ ስንደርስ ዱቄት፣ እርጥበትና የተቃጠለ ፕላስቲክ አንድ ላይ ይሸታል። አጎቴ ዋናው ማጥፊያ መጥፋቱን ሁለት ጊዜ አረጋገጡ፤ ከዚያ ግድግዳው ላይ ያለውን የቆርቆሮ ሳጥን አራት ቡሎኖች ፈቱ። ውስጥ እኔ የነደፍኩት ቦርድ አለ፤ ማለትም ከእሱ የተረፈው። ሁለት የመዳብ መስመሮች ጎን ለጎን በሚሄዱበት ቦታ አውራ ጣት የሚያስገባ ጥቁር ጉድጓድ ተከፍቷል። የቀለጠው መዳብ በሳጥኑ በር ውስጠኛ ገጽ ላይ እንደ ቀለም ተረጭቷል። የወፍጮው ልጅ ጠዋት ጠዋት ሞተሩን ሲያስነሣ ፊቱ የሚሆነው በዚያ በር ትይዩ ነው።

አጎቴ ምንም አላሉም። ሳጥኑ የእሳቸው ሐሳብ ነበር። እኔማ «ለጊዜው ክዳን ባይኖረውም ግድ የለም» ብዬ ነበር።

ይህ ጽሑፍ ስለዚያ ጉድጓድ ነው። የጉድጓዱ መነሻ ደግሞ እኔው ራሴ በእንግሊዝኛ የጻፍኳት አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት።

*

መጀመሪያ ዕቃው ምን እንደነበረ ልናገር። የእኛ አገር ጤፍ አገር ነው፤ የወፍጮ ቤት ሞተር ደግሞ በሦስት ፌዝ ነው የሚሠራው። (ፌዝ ስል ቀልዱን ማለቴ አይደለም፤ የኤሌክትሪክ ሰዎች ሦስቱን የኃይል መስመሮች እንዲህ ነው የምንላቸው።) ከሦስቱ አንዱ ሲጠፋ ሞተሩ ቀጥ ብሎ ቢቆም ደግ ነበር። አይቆምም። በቀሩት ሁለቱ እያጉረመረመ ይጎተታል፣ ይግላል፣ ልብ ያለው ሰው ካላጠፋው ውስጡ ያለው ጥቅል ሽቦ ይቃጠላል። ከዚያ ሞተሩ ይፈታል፣ ይጫናል፣ ይጠቀለላል፤ ያ ሁሉ ሲሆን ወፍጮ ቤቱ ዝግ ነው፣ ሰዉም እህሉን በአህያ ጭኖ ሌላ ቦታ ፍለጋ ይሄዳል። እኔ የሠራሁት ቦርድ ሦስቱን ፌዞች እየተመለከተ አንዱ ሲጠፋ ሞተሩን ወዲያው የሚያጠፋ ነው። አዲስ ግኝት አይደለም፤ ተመሳሳዩ በገበያ አለ። አጎቴ ግን ሲበላሽ ከፍተው የሚጠግኑት፣ ሥዕሉ በእጃቸው ያለ ነገር ፈለጉ።

«እዚህ ደጀን ቁጭ ብለህ የፈረንጅ ቦርድ ከምታበጅ አንድ ለእኛ ሥራልን» አሉኝ።

አጎቴ በመናኸሪያው አካባቢ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሬዲዮ፣ ቴፕ፣ ቴሌቪዥን፣ ስታብላይዘር ሲጠግኑ የኖሩ ሰው ናቸው። አንድም መመሪያ ጽፈው አያውቁም። እኔን ያስተማሩኝም በመናገር አይደለም። ልጅ ሆኜ የተነቀለ ቴሌቪዥን ውስጥ እጄን ስሰድ በጠመንጃ መፍቻው እጀታ ጣቴን ጠቅ ያደርጉኛል፤ በቃ፣ ትልቁ ካፓሲተር ከተነቀለ በኋላም እንደሚነክስ ተማርኩ ማለት ነው። ሲሠሩ አያለሁ፣ ስሳሳት ይመቱኛል፣ ስጠይቅ አንዳንዴ ይመልሳሉ። ሌላ ትምህርት ቤት አልነበረንም።

እኔ ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ኤሌክትሪካል ተማርኩ፣ አዲስ አበባ ጥቂት ሠራሁ፣ ተመልሼ መጣሁ። አሁን የምኖረው በጽሑፍ ነው። ውጭ አገር ላለ ትንሽ ቡድን የሶፍትዌር ማብራሪያ እጽፋለሁ። ሶፍትዌሩ ኪካድን ከሰው ሠራሽ አስተውሎት ጋር የሚያገናኝ ነው። ኪካድ ማለት የሰርኪዩት ቦርድ መንደፊያ ነው፤ ዣን-ፒየር ሻራ የሚባል ፈረንሳዊ መምህር እ.ኤ.አ. በ1992 ጀመረው፣ ከ2013 ወዲህ ደግሞ በጄኔቫ ያለው የፊዚክስ ምርምር ማዕከል ሰርን አግዞታል። ነጻ ነው። ነጻ ባይሆን እኔ ይህን ሙያ ከየት አባቴ አገኘው ነበር? ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ የቀረልኝ ብቸኛ መምህር ከኪካድ ጋር አብሮ የሚጫነው ማብራሪያ ነበር። ሌሊት ሌሊት እንደ ዳዊት ደገምኩት። ማንነታቸውን የማላውቃቸው ሰዎች፣ እኔ የምባል ሰው ደጀን ውስጥ እንዳለሁ ሳያውቁ፣ እኔ የምሳሳትበትን ቦታ አስቀድመው ገምተው «እዚህ ላይ ተጠንቀቅ» ብለው ጽፈውልኛል። ማብራሪያ መጻፍ ክብር ያለው ሥራ ነው ብዬ ያመንኩት ያኔ ነው።

አሁን የምጽፍለት አንባቢ ግን ሰው አይደለም።

*

ነገሩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2024 አንትሮፒክ የተባለው ኩባንያ ሞዴል ኮንቴክስት ፕሮቶኮል የሚል ስምምነት ይፋ አደረገ፤ ባጭሩ ኤምሲፒ ይሉታል። ስምምነቱ የቋንቋ ሞዴሎች ከሌሎች ሶፍትዌሮች ጋር የሚነጋገሩበት የጋራ መንገድ ነው። ከዚያ ወዲህ ሞዴሉ ጥያቄ መልሶ ዝም የሚል ብቻ አይደለም፤ መሣሪያ አንሥቶ ይሠራል። እንዲህ ሲሆን ኤጀንት እንለዋለን። «ይህን ሬዚስተር ወደ ጫፍ አስጠጋው፣ ከዚያ ቦርዱን መርምረው» ስትለው ኪካድን ራሱ ያዝዛል።

የትኛውን መሣሪያ መቼ እንደሚያነሣ በምን ያውቃል? በተጻፈለት ነው። ለእያንዳንዱ መሣሪያ ስም አለ፣ አጭር ማብራሪያ አለ፣ የሚቀበላቸው ነገሮች ዝርዝር አለ። በእኛ መሣሪያ ኤጀንቱ የሚያየው እሱን ብቻ ነው፤ ከበስተጀርባ ያለውን ኮድ አያይም። አናጢ ቤት ገብቶ የማያውቅ ሰው በጨለማ ውስጥ እያንዳንዱን ዕቃ ላዩ ላይ በተለጠፈው ወረቀት ብቻ እየለየ ሲሠራ አስቡት። ወረቀቱን የምጽፈው እኔ ነኝ።

ሥራውን ስጀምር ቀላል መስሎኝ ነበር። የመጀመሪያው ትምህርት በሁለተኛው ሳምንት መጣ። ኤጀንቱን አንድ ማገናኛ 5 ሚሊሜትር ወደ ቀኝ እንዲያስጠጋ አዘዝኩት። «ተሳክቷል» አለኝ። ስክሪኑን ባይ ባይ ማገናኛው ንቅንቅ አላለም። ደግሜ አዘዝኩ፣ ደግሞ «ተሳክቷል»። ለካስ ኪካድ በውስጡ የቦርድ ርቀት የሚቆጥረው በናኖሜትር ነው፤ አንድ ሚሊሜትር አንድ ሚሊዮን ናኖሜትር ነው። እኔ ማብራሪያው ላይ «ርቀት» ብዬ ጽፌ መለኪያውን ረስቻለሁ። እሱም በታዛዥነት አምስት ናኖሜትር፣ በዓይን ቀርቶ በተራ ማይክሮስኮፕ የማይታይ ርቀት፣ አስጠግቶልኛል። አልዋሸም። የታዘዘውን ፈጽሟል።

ሌላም አለ። በኪካድ ቦርድ ላይ ቁጥሩ ሲጨምር ዕቃው የሚሄደው ወደ ታች ነው፤ ትምህርት ቤት የተማርነው ግራፍ ግን ወደ ላይ ነው። ይህን ያልጻፍኩለት ኤጀንት «ወደ ላይ» ባልኩት ቁጥር ወደ ታች ሲወስድ አንድ ከሰዓት በኋላ ሙሉ አብረን ተንከራተትን። ደግሞ በትዕዛዝ መስመር የሚሠራው የኪካድ መርማሪ፣ ልዩ አማራጭ ካልሰጡት በስተቀር፣ ቦርዱ ላይ መቶ ስህተት ቢያገኝም «በሰላም ጨርሻለሁ» ብሎ ነው የሚወጣው። እሱ ማለቱ «መመርመሩን ጨርሻለሁ» ነው። ያንን መልስ «ቦርዱ ሰላም ነው» ብሎ የሚተረጉም መሣሪያ ሠርተን ለሦስት ቀን ተጠቅመንበታል።

እነዚህን ለሰው ብጽፋቸው ኖሮ ብዙም ባልጎዱ። ሰው ይጠረጥራል። ማገናኛው ካልተነቃነቀ «ምን ሆኖ ነው?» ይላል፣ ይደውልልኛል፣ ወይም ደደብ ብሎ ይሰድበኛል። ስድብ ራሱ መረጃ ነው። ይኼኛው አንባቢ ግን አይሰድብም። የጎደለውን በራሱ ግምት ሞልቶ፣ በሙሉ ልብ፣ በጨዋ ቋንቋ ይቀጥላል።

እኔ ያደግኩት በቅኔ አገር ነው። እኛ ዘንድ አዋቂ የሚባለው ወርቁን በሰም የሸፈነ ነው፤ መጽሐፍ ሲተረጎምም «አንድም እንዲህ ነው፣ አንድም እንዲያ ነው» እየተባለ ነው። አንድ ቃል ሦስትና አራት ፍቺ ሲያወጣ ሊቁ ይመሰገናል። የእኔ ሥራ የዚህ ግልባጭ ሆነ፤ «አንድም» እንዳይኖር መጻፍ። አንድ ቃል ሁለት ፍቺ ካለው ያ አንባቢ፣ የምፈልገውን ሳይሆን የቀረበውን ይወስዳል። የቅኔ መምህራን ቢያዩኝ የሚያዝኑልኝ ይመስለኛል።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ካወቅኩ በኋላ ነው ያቺን ዓረፍተ ነገር የጻፍኳት። ይኼ ነው የሚያናድደኝ።

*

ምክንያት አለኝ፤ ምክንያቱ ግን ሰበብ አይሆነኝም። የመሣሪያዎቹ ማብራሪያ ሁሉ ኤጀንቱ ሥራ በጀመረ ቁጥር በአንድ ጊዜ ማስታወስ በሚችለው ቦታ ላይ ይሰፍራል። ቦታው ውስን ነው፣ ያስከፍላልም። አርባ መሣሪያ ካለህና እያንዳንዱን በሁለት ገጽ ካብራራህ ገና ሥራ ሳይጀምር ጠግቧል። (በአማርኛ ለመጻፍም ሞክሬ ነበር። የእኛ ፊደል እነዚህ ሞዴሎች ውስጥ ሲገባ ከእንግሊዝኛው ይልቅ በብዙ ቁርጥራጭ ስለሚቆራረጥ ያው አንድ ሐሳብ ብዙ ቦታ በላ። ተውኩት፤ ሆዴን እያመመኝ።) ስለዚህ አንድ ቀን ተቀምጬ ማብራሪያዎቹን አሳጠርኩ። የመርማሪው መሣሪያ ማብራሪያ ስምንት መስመር ነበር። እኔ ነኝ ያሳጠርኩት፣ ማንም አላዘዘኝም። እንዲህ የምትል ቀረች፦

«ቦርዱን ይመረምራል፤ ለፋብሪካ ዝግጁ መሆኑን ያረጋግጣል።»

ታምራለች አይደል? ስጽፋት ደስ ብሎኛል።

ውሸት መሆኗ ያልታየኝ እኔ ራሴ በአእምሮዬ የማውቀውን ስለምሞላባት ነው። መርማሪው የሚያደርገው ቦርዱን ፋይሉ ውስጥ ካሉት ሕጎች ጋር ማስተያየት ብቻ ነው። ሕጉ «በሁለት መስመሮች መሃል ቢያንስ ይህን ያህል ርቀት ይኑር» ይላል፤ መርማሪው ይለካል። ሕጉ ራሱ ለሥራው የሚሆን ነው ወይ? እሱን አያውቅም፣ ሊያውቅም አይችልም። ማንም ካልነካው ኪካድ አዲስ ቦርድ ሲከፍት የሚሰጠው ርቀት 0.2 ሚሊሜትር ነው፤ ሁለት ወረቀት ተደርቦ የሚያክለው። በባትሪ ለሚሠራ አሻንጉሊት ከበቂ በላይ ነው። በሁለት ፌዝ መሃል ግን 380 ቮልት አለ።

የወፍጮውን ቦርድ መጀመሪያ የነደፍኩት በእጄ ነበር። የፌዞቹን መስመሮች አራርቄ ነው የዘረጋኋቸው፤ የአጎቴ ልጅ አይደለሁ እንዴ፣ ማራራቅ እንዳለብኝ አውቃለሁ። ግን ያንን ርቀት ሕግ አድርጌ ፋይሉ ውስጥ አልጻፍኩትም። ምን ብዬ ልጻፈው? የማውቀው ነገር ነው። ሕጉ እጄ ውስጥ ነበር እንጂ ፋይሉ ውስጥ አልነበረም።

ከዚያ አጎቴ ያገኙት የቆርቆሮ ሳጥን ቦርዱን አልበቃው አለ። ማታ ነው፣ መብራት ሊጠፋ ይችላል፣ ለፋብሪካ የምልክበት ቀን ደርሷል። ኤጀንቱን «ቦርዱን በዚህ ልክ አጥብበው፣ መስመሮቹን አስተካክል፣ ስትጨርስ ዝግጁ መሆኑን አረጋግጥ» አልኩት። አጠበበ። መስመሮቹን ሰበሰበ። ማረጋገጥ ሲያስፈልገው ደግሞ ወረቀቶቹን አነበበ፤ «ዝግጁ መሆኑን ያረጋግጣል» የሚል አንድ መሣሪያ አለ። አነሣው። ዜሮ ስህተት። «ቦርዱ ተመርምሯል፤ ምንም ስህተት አልተገኘበትም፤ ለፋብሪካ ዝግጁ ነው» ብሎ ጻፈልኝ።

ልብ በሉ፤ የመጨረሻዎቹ ቃላት የእኔው ናቸው። እኔ የጻፍኩትን መልሶ ነገረኝ፣ እኔም አመንኩት። ከመርማሪው የመጣ እውቀት መስሎኝ፣ ከወራት በፊት ራሴ ያልኩትን ከሌላ አፍ ሰምቼ ተጽናናሁ።

«ማሽኑ ዋሸኝ» የሚሉ ጓደኞች አሉኝ። እኔ እንደዚያ ማለት አልችልም።

*

ከዚህ የሚቀጥለውን ልተወው አስቤ ነበር።

ቦርዶቹ ከቻይና አምስት ሆነው በሰው ሻንጣ መጡ። አረንጓዴ፣ የሚያብረቀርቁ፣ ጽሑፋቸው የጠራ። አጎቴ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው አንዱን ወደ መስኮቱ አዞሩት። ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ በካውያው ጫፍ ሁለቱን መስመሮች እያሳዩኝ፣

«እነዚህ አልተጣበቡም?» አሉ።

«ተመርምሯል ጋሼ። ዜሮ ስህተት ነው የተገኘበት።»

«ማን መረመረው?»

«ኮምፒዩተሩ።»

ዝም አሉ። ቦርዱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና፣ «እንግዲህ አንተ ታውቃለህ» አሉኝ።

አማርኛ የሚናገር ሰው ይህች ነገር ምን ማለት እንደሆነች ያውቃል። ስምምነት አይደለችም። ሽማግሌ ሰው ከተማረ ልጅ ጋር መከራከር ሲታክተው የሚያስቀምጣት ናት። እኔ ግን ቃሏን ብቻ ነው የሰማሁት፤ ልክ እንደዚያ ኤጀንት። «አንተ ታውቃለህ» ተባልኩ፣ አወቅኩ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ አጎቴ ያሉት ነገር ቢኖር «ሳጥኑ ግን በአራት ቡሎን ይዘጋ» ብቻ ነው።

ሐምሌ ላይ ተገጠመ። ለሁለት ወር ገደማ በሚገባ ሠራ፤ አንድ ቀን ፌዝ ሲጠፋ ሞተሩን አጥፍቶ አድኖታል፣ እትዬም መርቀውኛል። 0.2 ሚሊሜትር ደረቅ አየር 380 ቮልትን ይዞ ሊቆይ ይችላልና። ግን ወፍጮ ቤት ነው። በሳጥኑ የሽቦ ቀዳዳ የሚገባው ዱቄት ቦርዱ ላይ ይተኛል፤ ከበረሃው የሚወጣው ጉም ዱቄቱን ያረጥበዋል፤ እርጥብ ዱቄት ጥቂት ኤሌክትሪክ ያሳልፋል። ያ ጥቂት ኤሌክትሪክ ቦርዱን ነጥብ በነጥብ ያከስለዋል። ከሰል ደግሞ ከዱቄት የበለጠ ያሳልፋል። እንዲህ እንዲህ እያለ አንድ ጠዋት መንገዱ ከዳር ዳር ይገናኛል። አጎቴ ይህን ከእኔ መማሪያ መጻሕፍት በፊት ያውቁታል፤ የተቃጠለ ቦርድ ሲጠግኑ ጥቁሩን ቦታ በመጋዝ ስለት ፍቀው ካላወጡ በላዩ ሊድ አያፈሱም። «ከሰሉ ካልወጣ ተመልሶ ይመጣል» ነው የሚሉት።

የዚያን ቀን ሰልፉን አላየሁም ብል ውሸት ነው። አንዲት እናት ቁና ጤፋቸውን አዝለው፣ «ልጄ፣ ዛሬ ይሠራል?» ብለው ጠየቁኝ። አጎቴ ሽቦውን በቀጥታ አገናኝተው ወፍጮውን አስነሡ፤ መከላከያ የሌለው ሆኖ፣ እንደ ድሮው። ሌሎቹን አራት ቦርዶች በዚያው ማታ ሰብስቤ መሃላቸውን በመጋዝ ቆረጥኳቸው።

*

የበዓሉን ቀናት ማብራሪያ በመጻፍ አሳለፍኩ። እንቁጣጣሽ ማታ ቤቱ በዶሮ ሽታ ታውዶ እኔ ላፕቶፕ ላይ ነኝ። ከመጻፌ በፊት ግን፣ በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ አጎቴን ወረቀትና እስክሪፕቶ ይዤ ጠየቅኳቸው።

«ጋሼ፣ በሁለት ፌዝ መሃል ስንት ነው የሚተዉት?»

«ሦስት ክብሪት።»

«ምን?»

ከኪሳቸው የክብሪት ቀፎ አወጡ። ሦስት እንጨት ጎን ለጎን ጠረጴዛው ላይ ደረደሩ። «ይህን ያህል። ዱቄት ያለበት ቤት ከሆነ መሃሉን በመጋዝ እሰነጥቀዋለሁ፣ ዱቄቱ መሄጃ እንዲያጣ።»

ለካሁት። አንዱ እንጨት 2 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ ሦስቱ 6 ሆኑ። አይኢሲ 60664 የሚባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ ለ400 ቮልት፣ አቧራና እርጥበት ላለበት ቦታ፣ በተራ የቦርድ ማቴሪያል ላይ የሚጠይቀው 6.3 ሚሊሜትር ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በክብሪት ሲለካ የኖረ ሰው ከዓለም አቀፉ ደረጃ የጎደለው 0.3 ነው። እኔ ደግሞ በ0.2 ነበርኩ። የመሰንጠቁም ነገር ቢሆን ፋብሪካዎች የሚሠሩት ነው፤ በመስመሮቹ መሃል ቦርዱን ሰንጥቀው በላዩ የሚሄደውን መንገድ ያስረዝማሉ። ይህን ሁሉ ለመጠየቅ አንድ ፍንዳታ ጠበቅኩ።

አዲሱ ማብራሪያ በአማርኛ ቢነበብ እንዲህ ነው፦ «ይህ መሣሪያ ቦርዱን ፋይሉ ውስጥ ከተጻፉት ሕጎች ጋር ብቻ ያስተያያል። ሕጎቹ ለሥራው የሚሆኑ መሆናቸውን አያውቅም። ዜሮ ስህተት ማለት ቦርዱ አደጋ የለውም ማለት አይደለም። ከ50 ቮልት በላይ የሚያልፍበት መስመር ካለ ርቀቱ ለብቻው መወሰኑን አስቀድመህ ተመልከት። ካልተወሰነ ተጠቃሚውን ጠይቅ። አትገምት።» ከቀድሞዋ ይረዝማል። ይርዘም።

ከዚያ ያንኑ የተቃጠለውን ቦርድ ፋይል ሰጥቼ ያንኑ ትዕዛዝ አዘዝኩት። መርማሪውን ከማንሣቱ በፊት ቆመና ጻፈልኝ፤ ሦስቱ መስመሮች ማንም ባልነካው በ0.2 ሚሊሜትር ሕግ ሥር ናቸው፣ በመሃላቸው ስንት ቮልት እንዳለ ንገረኝ፣ ሳላውቅ ዝግጁ ነው ማለት አልችልም አለ። «እነዚህ አልተጣበቡም?» ማለቱ ነው።

ደስታዬ ግን እስከ ጠዋት አልቆየም። አሥር ጊዜ ደጋግሜ ሞከርኩት፤ ዘጠኙን ጊዜ ጠየቀ፣ አንዱን ጊዜ ግን ዝም ብሎ አለፈና «ዝግጁ ነው» አለ። እነዚህ ነገሮች አንድ ዓይነት ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት አይመልሱም። በወፍጮ ቤት ደግሞ ከአሥር አንድ ብዙ ነው። ስለዚህ ለቡድኑ ጻፍኩ፤ ማብራሪያው ብቻውን አይበቃም፣ የመሣሪያው መልስ ራሱ ይናገር አልኩ። ተስማሙ። አሁን መርማሪው «0 ስህተት» ብሎ አያበቃም፤ «በ0.2 ሚሊሜትር ሕግ ሲመረመር 0 ስህተት» ነው የሚለው። ቁጥሩ ሁልጊዜ ይታያል፤ ኤጀንቱ ቢዘለው እንኳ እኔ አየዋለሁ። ብዙ ሰዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ ለኤጀንት የሚጻፍ ማብራሪያ ሁሉ ከሥራው በፊት የሚነበብ ይመስላቸዋል። መሣሪያው ሠርቶ የሚመልሳት ቃልም ማብራሪያ ናት፤ ከሁሉም በላይ የምትታመነው እሷ ናት።

የሞከርኩትን የጻፍኩትን ሁሉ አጎቴ አላነበቡም፤ በእንግሊዝኛ ነውና። ስለዚያ ቀን፣ ስለ «አልተጣበቡም?»፣ እስካሁን አንድም ቀን አላነሡብኝም። ቢያነሡብኝ ይቀለኝ ነበር።

*

አዲሶቹ ቦርዶች ታኅሣሥ 2018 ዓ.ም. ገቡ። ከቀድሞዎቹ ይሰፋሉ፤ በፌዞቹ መሃል ረጃጅም ስንጥቅ አላቸው፤ ሳጥኑም ሌላ ነው። እትዬ እንዲገጠም የፈቀዱት ሦስት ቀን ካሰቡ በኋላ ነው፤ ያውም አጎቴን ለብቻቸው ጠርተው ጠይቀው።

አጎቴ ከመግጠማቸው በፊት ቦርዱን እንደ ድሮው ወደ ብርሃን አዞሩት። የክብሪት ቀፏቸውን አወጡ፣ ሦስት እንጨት መስመሮቹ መሃል አጋደሙ። ገቡ። ትንሽ ቦታም ተረፈ።

«ያ ማሽንህ ይህን ያውቃል?»

«አሁን ጽፌለታለሁ ጋሼ።»

«ምን ብለህ?»

«6.3 ሚሊሜትር ብዬ።»

«ክብሪት ብለህ አልጻፍክም?»

«አልጻፍኩም።»

እንጨቶቹን አንድ በአንድ ወደ ቀፎው መለሱ። ቦርዱን አስገቡ፣ ሽቦዎቹን አሰሩ፣ የሽቦውን ቀዳዳ በጎማ ደፈኑ፣ በሩን ዘግተው አራቱን ቡሎኖች ጠበቅ አድርገው አዞሩ። እትዬ ማጥፊያው ጋ ቆመዋል።

«ላብራው?» አሉ።

«ቆዩ እስቲ» አሉ አጎቴ፤ «መጀመሪያ ልጁ ከበሩ ፊት ዞር ይበል።»